በጤነኛ ሰው ትንፋሽ ውስጥ የሚገኘው ናይትሪክ ኦክሳይድ፤ አንድ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው?

ከሳንባችን የሚወጣው አየር ከምን ከምን የተሠራ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ መልሱን አያጣውም፤ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ናቸው ይላል። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጥ መጠናቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ በተራ መሣሪያ የማይደረስባቸው ሌሎች ጋዞችም ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ጋዙ በበሽተኛ ብቻ ሳይሆን በፍጹም ጤነኛ ሰው ትንፋሽ ውስጥም ይገኛል። ዛሬ በብዙ አገሮች ሐኪሞች መጠኑን እየለኩ የአየር ቧንቧ መቆጣትን ለማወቅ ይጠቀሙበታል።

በዚህ ጽሑፍ ጋዙ በጤነኛ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ የሚገኘውም ቁጥር በምን ሁኔታ ትርጉም እንደሚኖረው እንመለከታለን። ርእሱ የሕክምና ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፍሰት፣ ግፊት፣ ብርሃንና ድምፅ ሁሉም የሚገናኙበት የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በአግባቡ ያልመለሰ ሰው ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ ሊያሰኝ ይችላልና ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ጋዙ ጥቂት

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከአንድ የናይትሮጅንና ከአንድ የኦክስጅን አቶም የተሠራ፣ ቀለም የሌለው ጋዝ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለማደንዘዣነት ከሚውለው ናይትረስ ኦክሳይድም ሆነ ቡናማ ቀለም ካለው መርዛማው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋር ሊምታታ አይገባም። ናይትሮጅን 7፣ ኦክስጅን 8 ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው ሞለኪውሉ በድምሩ 15 ኤሌክትሮኖች አሉት። 15 ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊቀመጡ አይችሉም፤ አንዱ ያለ ጥንድ ይቀራል። ሞለኪውሉ ከሌሎች ጋር ለመዋሐድ የሚቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዙ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ከመኪና ሞተር የሚወጣ፣ መብረቅም በአየር ውስጥ የሚፈጥረው በካይ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን የደም ሥሩን የሚያላላ አንድ ያልታወቀ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳየ። ንጥረ ነገሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ በ1987 ተረጋገጠ። ለዚህ ግኝት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። በ1991 ደግሞ በስዊድን ላርስ ጉስታፍሰንና የሥራ ባልደረቦቹ ጋዙ በሰውና በእንስሳት ትንፋሽ ውስጥ እንደሚገኝ አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ሼል አልቪንግና ባልደረቦቹ የአስም ሕሙማን ትንፋሽ ከጤነኞች የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚይዝ አሳዩ። የመለኪያው ጥቅም የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጠኑ ምን ያህል ትንሽ ነው?

በትንፋሽ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለካው «ክፍል በቢሊዮን» በሚባል መለኪያ ነው። 20 ክፍል በቢሊዮን ሲባል ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል 20ዎቹ ብቻ ናይትሪክ ኦክሳይድ ናቸው ማለት ነው። ይህን ለመገመት ጤፍን እንውሰድ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ወደ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ቢሊዮን ፍሬ ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። በሦስት ኩንታል ነጭ ጤፍ ውስጥ ሃያ ፍሬ ቀይ ጤፍ ተቀላቅሎ፣ እነዚያን ሃያ ፍሬዎች ቁጠሩ ብንባል የሚገጥመን ሥራ ከዚህ ልኬት ጋር የሚመሳሰል ነው።

ይሁን እንጂ ትንሽ የሚባለው በንጽጽር ነው። አንድ ሰው በሴኮንድ 50 ሚሊ ሊትር እያስወጣ ለ10 ሴኮንድ ቢተነፍስ ግማሽ ሊትር አየር ያወጣል። በዚህ አየር ውስጥ 20 ክፍል በቢሊዮን ናይትሪክ ኦክሳይድ ቢኖር፣ የሞለኪውሎቹ ቁጥር በባሕር ወለል ግፊትና በክፍል ሙቀት ወደ 250 ትሪሊዮን ገደማ ይሆናል። የአቮጋድሮን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ ስሌቱን ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጋዙ ይህን ያህል ለመዋሐድ የሚቸኩል ከሆነ፣ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንዴት ወዲያው አይጠፋም? መልሱ በውሕደቱ ፍጥነት ሕግ ውስጥ ይገኛል። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል የሚዋሐደው ከሁለት የናይትሪክ ኦክሳይድ ሞለኪውሎች ጋር ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ከናይትሪክ ኦክሳይዱ መጠን ካሬ ጋር ይመጣጠናል። መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መጠኑ በሺህ እጥፍ ሲቀንስ ፍጥነቱ በሚሊዮን እጥፍ ይቀንሳል። በትንፋሽ ውስጥ ያሉት ጥቂት ሞለኪውሎች እርስ በርስ የመገናኘት ዕድላቸው አነስተኛ በመሆኑ እስኪለኩ ድረስ ይቆያሉ።

ከየት ይመጣል?

ሰውነታችን ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራው አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድና ከኦክስጅን ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውኑት ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ናቸው። በጤነኛ ሰው የአየር ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ ያለማቋረጥ ይሠራል። የቧንቧው ግድግዳ በአለርጂ ዓይነት መቆጣት ሲያብጥ ደግሞ የኢንዛይሙ መጠን ስለሚጨምር የሚወጣውም ጋዝ ይበዛል።

ከሳንባው ጥልቅ ክፍል፣ ማለትም አየርና ደም ከሚገናኙባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የሚመጣው ጋዝ ግን በጣም አነስተኛ ነው። ምክንያቱም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ናይትሪክ ኦክሳይድን እጅግ በፍጥነት ይይዛል። ከረጢቶቹን የከበበው ደም ጋዙን ሳያቋርጥ ስለሚጠርገው በከረጢቶቹ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ክፍል በቢሊዮን ብቻ ነው። በአፍ በኩል የሚወጣው አብዛኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንግዲህ አየሩ ወደ ውጭ ሲጓዝ ከቧንቧው ግድግዳ የሚቀዳው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የጽሑፋችን ምሰሶ እርሱ ነውና።

መሣሪያው የሚያየው ብርሃን

ሃያውን ቀይ ጤፍ ከሦስት ኩንታል ውስጥ የሚለየው መሣሪያ የሚሠራበት ዘዴ ውብ ነው። የትንፋሹ አየር ኦዞን ወደ ተሞላ ክፍል ይገባል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ይፈጠራሉ። ከሚፈጠሩት የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ከፊሎቹ ከፍ ባለ የኃይል ደረጃ ላይ ሆነው ይወለዳሉ፤ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲወርዱም ትርፍ ኃይላቸውን በብርሃን መልክ ይለቃሉ። የብርሃኑ ርዝመተ ሞገድ ከ600 ናኖ ሜትር ጀምሮ ወደ ታሕተ ቀይ የሚዘልቅ ነው። ፎቶመልቲፕላየር የተባለው የብርሃን መለኪያ ይህን ደካማ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል። ኦዞኑ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ የብርሃኑ ብዛት ከናይትሪክ ኦክሳይዱ መጠን ጋር ይመጣጠናል።

ይህ መሣሪያ ትልቅና ውድ በመሆኑ፣ በኋላ በኤሌክትሮኬሚካዊ ዘዴ የሚሠሩ፣ በእጅ የሚያዙ አነስተኛ መለኪያዎች ተሠርተዋል። በክሊኒኮች በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው። በሰውየው አፍ ሲነፋባቸው ከአፍታ በኋላ በመስታወታቸው ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

ፍሰት ቁጥሩን ይለውጠዋል

ጨዋማ አፈር ባለበት ቦይ ውስጥ ውሃ ሲወርድ እናስብ። ውሃው በዝግታ ቢፈስስ እያንዳንዱ ሊትር ከአፈሩ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚነካካ ብዙ ጨው ይቀዳል፤ በፍጥነት ቢወርድ ግን ያው ጨው በብዙ ውሃ ላይ ስለሚከፋፈል ጨዋማነቱ ይቀንሳል። አፈሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የውሃው ፍጥነት ብቻ ነው። የአየር ቧንቧችንም እንዲሁ ነው። ቀስ ብለን ስንተነፍስ የናይትሪክ ኦክሳይዱ ክፍል ከፍ ይላል፤ በኃይል ስንተነፍስ ዝቅ ይላል።

ይህ ለውጥ ጥቃቅን ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፊሊፕ ሲልኮፍና ባልደረቦቹ አሥር ጤነኛ ሰዎች በልዩ ልዩ ፍጥነት እንዲተነፍሱ አድርገው ለኩ። ፍሰቱ በሴኮንድ ከ4.2 ሚሊ ሊትር ወደ 1,550 ሚሊ ሊትር ሲያድግ፣ የጋዙ መጠን ከ110 ገደማ ወደ 3 ገደማ ክፍል በቢሊዮን ወረደ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ሳንባቸውም ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ በ35 እጥፍ ገደማ ተለያየ።

ይህን በሒሳብ ለመግለጽ የሚያስችል ቀላል ሞዴል አለ። ኒኮላዎስ ሱኪያስና ስቲቨን ጆርጅ በ1998 ሳንባን በሁለት ክፍሎች ከፍለው አቀረቡት፤ አንደኛው የአየር ከረጢቶች፣ ሁለተኛው የአየር ቧንቧ ነው። ፍሰቱ በጣም ዝቅተኛ ካልሆነ ሞዴሉ እንዲህ ተጠቃልሎ ሊጻፍ ይችላል፦

ክ = አ + (ግ ÷ ፍ)

በዚህ ውስጥ «ክ» በአፍ የሚወጣው የጋዙ ክፍል፣ «አ» በአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው፣ «ግ» ከቧንቧው ግድግዳ በየሴኮንዱ የሚወጣው የጋዝ መጠን፣ «ፍ» ደግሞ የአየሩ ፍሰት ነው። «ግ»ን በፒኮ ሊትር (በሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ) በሴኮንድ፣ «ፍ»ን በሚሊ ሊትር በሴኮንድ ከለካን፣ ሲካፈሉ የሚሰጡን ውጤት በቀጥታ ክፍል በቢሊዮን ይሆናል።

በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ሊገኝ የሚችል ምሳሌ እንውሰድ፦ «አ» 2 ክፍል በቢሊዮን፣ «ግ» 750 ፒኮ ሊትር በሴኮንድ ይሁን። ፍሰቱ 250 ሲሆን 3 ሲደመር 2፣ ማለትም 5 እናገኛለን። ፍሰቱ 100 ሲሆን 9.5፣ 50 ሲሆን 17፣ 25 ሲሆን ደግሞ 32 ይሆናል። በእርግጥ በ25 ፍሰት ላይ አየሩ ከግድግዳው ጋር እየተመጣጠነ ስለሚሄድ ሙሉው ቀመር የሚሰጠው ቁጥር ከ32 በመጠኑ ያንሳል፤ ሆኖም ከ17 በብዙ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? «ትንፋሼ 32 ክፍል በቢሊዮን ተገኘበት» የሚል ሰው ገና ምንም አልነገረንም። በምን ፍጥነት እንደነፋ ካልታወቀ ቁጥሩ የሳንባውን ሁኔታ ይግለጽ የአነፋፈሱን ልማድ መለየት አይቻልም።

ከውጭ ሆኖ የውስጡን መለየት

ፍሰት ቁጥሩን መለወጡ እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ በጥበብ ከተያዘ መሣሪያም ይሆናል። ቀመሩን በሁለቱም ወገን በ«ፍ» ብናባዛው፦

ክ × ፍ = (አ × ፍ) + ግ

ይህ በዘጠነኛ ክፍል የምናውቀው የቀጥታ መስመር እኩልዮሽ ነው። በአግድሙ ዘንግ ላይ ፍሰቱን፣ በቋሚው ዘንግ ላይ የክ እና የፍን ብዜት ብናስቀምጥ፣ የመስመሩ ተዳፋት «አ»ን ይሰጠናል፤ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚያቋርጥበት ነጥብ ደግሞ «ግ»ን። ከላይ ባየነው ምሳሌ በ100 ፍሰት 9.5 ስለተገኘ ብዜቱ 950 ነው። በ200 ፍሰት 5.75 ስለሚገኝ ብዜቱ 1,150 ይሆናል። ፍሰቱ በ100 ሲጨምር ብዜቱ በ200 ጨመረ፤ ስለዚህ ተዳፋቱ 2 ነው። መስመሩን ወደ ኋላ ስናስረዝመው ዘንጉን በ750 ላይ ይቆርጠዋል።

ልብ በሉ፤ ማንም ሰው ቱቦ ወደ ሳንባ ሳያስገባ፣ ደምም ሳይቀዳ፣ ሁለት ጊዜ በማስተንፈስና አንድ መስመር በማስመር ብቻ የቧንቧውን ግድግዳ ድርሻ ከከረጢቶቹ ድርሻ መለየት ተቻለ። ብዙ ተማሪዎች የመስመር እኩልዮሽ ከፈተና ውጭ ምን ይጠቅማል ይላሉና፣ ለእነርሱ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

የጋራ ስምምነት

ተመራማሪዎች በየላቦራቶሪው በተለያየ ፍሰት ሲለኩ ውጤታቸውን ማነጻጸር አልቻሉም ነበር። በመሆኑም የአሜሪካ የደረት ማኅበርና የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር በ2005 የጋራ መመሪያ አወጡ። በመመሪያው መሠረት ተመርማሪው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተጣራለትን አየር ሳንባው እስኪሞላ ይስባል፤ ከዚያም ሳያቋርጥ በሴኮንድ 50 ሚሊ ሊትር ፍሰት ያስወጣል። ይህ በየሴኮንዱ ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ አየር ማለት ነውና በጣም ዝግ ያለ አነፋፈስ ነው። አዋቂ ቢያንስ ለ6 ሴኮንድ፣ ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቢያንስ ለ4 ሴኮንድ መንፋት ይኖርበታል።

የሚሳበው አየር መጣራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ ዳር ያለው አየር ከጤነኛ ሰው ትንፋሽ የሚበልጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሊይዝ ይችላል።

ሌላው የመመሪያው ግዴታ ግፊትን ይመለከታል። ተመርማሪው የሚነፋው በሚቋቋመው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ሲሆን፣ በአፉ ውስጥ ከ5 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት መፈጠር አለበት። ይህ ግፊት ለስላሳውን ላንቃ ወደ ላይ ገፍቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋዋል። አፍንጫ እንዲዘጋ የተፈለገበትን ምክንያት ቀጥለን እናያለን።

አፍንጫ፣ ጠርሙስና ማንጎራጎር

በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ሳይነስ የተባሉ ክፍት ጉድጓዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዮን ሉንድበርግና ባልደረቦቹ እነዚህ ጉድጓዶች ናይትሪክ ኦክሳይድን በከፍተኛ መጠን እንደሚያመነጩ አሳዩ። በውስጣቸው ያለው ክምችት በሺዎች የሚቆጠር ክፍል በቢሊዮን ይደርሳል። ከዚህ ጥቂቱ እንኳ ከአፍ ትንፋሽ ጋር ቢቀላቀል ልኬቱ ይበላሻል።

ሳይነሶቹ ከአፍንጫ ጋር የሚገናኙት በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ በጸጥታ ስንተነፍስ አየራቸው የሚለወጠው በዝግታ ነው። ይሁን እንጂ በ2002 ኤዲ ዋይትስበርግና ሉንድበርግ አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ሲያንጎራጉሩ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ በጸጥታ ከሚወጣው በ15 እጥፍ ገደማ ጨመረ።

ምክንያቱን የሚያስረዳው የድምፅ ፊዚክስ ነው። በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ ጠርሙሱ ያፏጫል፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ትንሽ ክብደት፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ሆነው አብረው ይርገበገባሉ። ይህም የሄልምሆልትስ አስተጋቢ ይባላል። ሳይነስ ሆድ፣ ቀዳዳው አንገት መሆኑን ካስተዋልን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የማንጎራጎሩ ድምፅ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን አየር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስለሚያርገበግበው የታመቀው ጋዝ ይወጣል።

ጤነኛ ሰው ስንት ይገኝበታል?

ልኬቱ በ50 ሚሊ ሊትር ፍሰት፣ አፍንጫ ተዘግቶ፣ በተጣራ አየር ከተካሄደ በኋላ ቁጥሩን መጠየቅ እንችላለን። በ2007 በወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ከኅብረተሰቡ የተውጣጡ 2,200 አዋቂዎች ተለክተው የመካከለኛው ሰው ውጤት 16 ክፍል በቢሊዮን ሆኗል፤ ከተለኩት ግማሾቹ በ11 እና በ22 ገደማ መካከል ነበሩ። ነገር ግን ጥቂቶች ከዚህ በብዙ የራቀ ከፍተኛ ቁጥር ነበራቸው።

እንዲህ ወደ አንድ ወገን የተዘረጋ ስርጭት ሲገጥመን ተራው አማካይ ያሳስታል። አምስት ሰዎች 10፣ 12፣ 16፣ 20 እና 92 ቢገኝባቸው አማካዩ 30 ይሆናል። ከአምስቱ አራቱ ግን ከ30 በታች ናቸው። መካከለኛው ቁጥር 16 የብዙዎቹን ሁኔታ ይበልጥ ይገልጻል። ተመራማሪዎች በመካከለኛው ቁጥር ወይም በሎጋሪዝም በተሰላ አማካይ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ጤነኛ ሰዎችም ቢሆኑ እርስ በርስ ይለያያሉ። ቁመታቸው የረዘመ ሰዎች ከፍ ያለ መጠን ይታይባቸዋል፤ ዕድሜም ድርሻ አለው። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይበልጣሉ። የአለርጂ ዝንባሌ ያለው ሰው የአስም ምልክት ሳይኖርበት እንኳ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ጉንፋንም እንዲሁ። ናይትሬት የሚበዛባቸው እንደ ሰላጣ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ያሉ አትክልቶች ከተበሉ በኋላ መጠኑ ለሰዓታት ከፍ ይላል። በተቃራኒው ሲጋራ ማጨስ መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ቆም ብለን እንድናስብ ያስገድደናል። አጫሽ ወጣት ተለክቶ 8 ክፍል በቢሊዮን ቢገኝበትና «ቁጥርህ ዝቅተኛ ነው፤ ሳንባህ ደኅና ነው» ቢባል ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ጤንነቱ ሳይሆን ሳንባውን የሚጎዳው ጭስ ራሱ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ምሳውን ሰላጣ በልቶ የመጣ ጤነኛ ተማሪ 30 ቢገኝበት አስም ይዞሃል ሊባል አይገባም።

የአሜሪካ የደረት ማኅበር በ2011 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ከ25 በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ እንዲባል፤ ለልጆች ደግሞ ከ20 በታች ዝቅተኛ፣ ከ35 በላይ ከፍተኛ እንዲባል መክሯል። እነዚህ ወሰኖች የታሰቡት የሕመም ምልክት ላለባቸው ሰዎች ነው። ሐኪሙ ከሳሉ፣ ከትንፋሽ ማጠሩና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አያይዞ እንዲመለከታቸው እንጂ፣ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለይ አጥር ሆነው እንዲያገለግሉ አይደለም። በ25 እና በ50 መካከል ሰፊ ቦታ መተዉም ይህንኑ ይመሰክራል።

ከፍታና ግፊት

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። «ክፍል በቢሊዮን» ንጽጽር እንጂ ፍጹም መጠን አይደለም። የባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ 20 ክፍል በቢሊዮን የተገኘበት ሰው ትንፋሽ ውስጥ የናይትሪክ ኦክሳይዱ ከፊል ግፊት 2 ሚሊ ፓስካል ይሆናል። በአዲስ አበባ ያው 20 ክፍል በቢሊዮን ቢገኝ ከፊል ግፊቱ 1.5 ሚሊ ፓስካል ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢኖራቸውም የጋዙ መጠን እኩል አይደለም። ከፍታቸው የተለያየ ቦታዎችን ስናነጻጽር እንግዲህ ከፊል ግፊቱን ማስላት ይኖርብናል። የግፊት ጉዳይ ጠፈርተኞችንም ይመለከታል፤ በ2015 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ጠፈርተኞች ግፊቱ ዝቅ በተደረገ ክፍል ሆነው ይህንኑ ጋዝ በትንፋሻቸው ለክተዋል።

ከፍታ በሰውነት ሥራ ላይም ያለው ተጽዕኖ ትኩረት የሚስብ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ያላላቸዋል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2001 ባወጡት ጥናት በ4,200 ሜትር ላይ የሚኖሩ የቲቤት ሰዎችና በ3,900 ሜትር ላይ የሚኖሩ የቦሊቪያ አይማራ ሕዝቦች በትንፋሻቸው ከቆላ ነዋሪዎች የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳላቸው አሳይተዋል። የእነዚህ ጤነኛ ሰዎች ከፍ ያለ ቁጥር የበሽታ ምልክት ሳይሆን ከአካባቢ ጋር የመስማማት ምልክት ነው። ይኸው ቡድን በ2002 በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ የሄሞግሎቢን መጠናቸውና የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። የሰው ልጅ ከፍታን የተላመደበት መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። በአንድ አገር የተገኘ «ጤናማ» ወሰን ያለ ጥንቃቄ ወደ ሌላው አገር ሊዘዋወር እንደማይገባም ያስተምረናል።

ማጠቃለያ

በጤነኛ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ መገኘቱ ተፈጥሯዊ ነው። መጠኑ ግን የሳንባው ብቻ ሳይሆን የአነፋፈሱ፣ የግፊቱ፣ የምግቡ፣ የቁመቱና የከፍታው ድምር ውጤት ነው። መለኪያ መሣሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ጥያቄውን በትክክል የመጠየቅ ኃላፊነት ግን የእኛ ነው። ወደፊት ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ተመራማሪ የሚሆኑ አንባቢዎቻችን በመሣሪያ ላይ የተጻፈ ቁጥር ባዩ ጊዜ «ስንት ነው?» ከማለታቸው አስቀድመው «እንዴት ተለካ?» ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን።

መልመጃ

1. «አ» 2 ክፍል በቢሊዮን፣ «ግ» 750 ፒኮ ሊትር በሴኮንድ ቢሆን፣ በሴኮንድ 150 ሚሊ ሊትር ፍሰት የሚገኘው ቁጥር ስንት ነው?

2. አንዲት ተማሪ በ100 ፍሰት 13፣ በ200 ፍሰት 8 ክፍል በቢሊዮን ተገኘባት። «አ»ንና «ግ»ን ፈልጉ፤ በ50 ፍሰት ብትለካ ስንት ሊገኝባት እንደሚችልም አስሉ።

3. 24 ክፍል በቢሊዮን በባሕር ወለልና በአዲስ አበባ ቢለካ ከፊል ግፊቱ በየቦታው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ 1) 7 ክፍል በቢሊዮን። 2) «አ» 3 ክፍል በቢሊዮን፣ «ግ» 1,000 ፒኮ ሊትር በሴኮንድ፣ በ50 ፍሰት 23 ክፍል በቢሊዮን። 3) ወደ 2.4 እና ወደ 1.85 ሚሊ ፓስካል።